ባለ 40 ዶላሩ ቡና

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ባለፈው ሐሙስ አካውንቴ ላይ 287 ዶላር ነበረኝ። የዕቁብ 200 ዶላር በዜል ላክሁ፣ 87 ቀረኝ። ማታ የ38 ዶላር ቤንዚን ቀዳሁ፣ በ5.75 ቡና ገዛሁ። አፑ 43.25 እንዳለኝ አሳየኝና ተኛሁ። ዓርብ የመኪና ኢንሹራንስ 142 ዶላር በአውቶፔይ ተቆረጠ። ረስቼው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አካውንቴን ስከፍት ከዜሮ በታች 203.75 ሆኗል። ባንኩ 35 ዶላር ሦስት ጊዜ ቆርጦብኛል፤ አንዱ ለቡናው ነው። ሰኞ ደመወዝ ሲገባ ቀድሞ የበላው ባንኩ ነው። ባለቤቴ ‹ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ዕቁቡንም ተወው› ትለኛለች። እውነት ይሄ ነገር ፍትሐዊ ነው? ማስመለስስ እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ አይዞህ። አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። መጀመሪያ የቸኮልክበትን ልመልስ። ከሦስቱ ሁለቱን፣ ማለትም 70 ዶላሩን፣ ለመከራከር ጥሩ ነጥብ አለህ። ሦስተኛውን ደግሞ በትህትና ከጠየቅህ ሊተውልህ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ። ፍትሐዊ ነው ወይ ላልከው ግን መልሴ «አይደለም» ነው። ባለቤትህም ግማሽ እውነት አላት፣ እሷን አታስቀይማት። ኢንሹራንሱን የረሳኸው አንተ ነህ። ቡናውን ባለ 40 ዶላር ያደረገው ግን ሌላ ነው፤ ኦቨርድራፍት ይባላል፣ ባንኩ የሌለህን ገንዘብ ከፍሎልህ የሚያስከፍልበት አገልግሎት።

አሁን የማማከር ሥራ ላይ ነኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ባንክ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምነግርህን በሁለቱም በኩል ሆኜ አይቼዋለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መስኮቴ ጋ መጡ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ ነው የሚንከባከቡት። ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ስቴትመንት አወጡና ዘረጉልኝ። 35 የሚለው ቁጥር አምስት ቦታ አለ። አምስቱንም በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበዋቸዋል። «ልጄ፣ ይሄ ሠላሳ አምስት የሚባለው ማነው? እኔ ከሱ ምንም አልገዛሁም» አሉኝ። ስሙን የሱቅ ስም አድርገውት ነው። ልስቅ ነበር፤ ግን አልሳቅሁም። ኮምፒውተሩን ሳይ አካውንቱ ሲከፈት «አገልግሎቱን ይፈልጋሉ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ማን እንዳደረገው አላውቅም። እኔ ራሴ ልሆን እችላለሁ።

ያን ጊዜ ደንበኛውን የምንጠይቀው እንዲህ ነበር፦ «ካርድዎ ሱቅ ውስጥ እንዳይመለስብዎ ይፈልጋሉ?» ማን ነው አልፈልግም የሚለው? «ለ5 ዶላር ዕቃ ተጨማሪ 35 ዶላር መክፈል ይፈልጋሉ?» ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ሰውየው ተነስቶ ይሄድ ነበር። ሁለቱ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው።

የእኛ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። አገር ቤት ኤቲኤም ላይ ገንዘብ ከሌለህ ማሽኑ የለህም ይልሃል፣ በቃ። ኦቨርድራፍት የሚባለው የነጋዴ ነው፤ ተፈራርሞ፣ ብዙ ጊዜም መያዣ አስይዞ የሚወስደው። ሂሳብህ ውስጥ የሌለ ገንዘብ በቼክ ጽፈህ ከሰጠህማ ደረቅ ቼክ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቅሃል። በቅርብ ዓመታት ቴሌብር «እንደኪሴ» ብሎ ያመጣው አለ። እሱንም ቢሆን ሰው የሚገባበት ብድር መሆኑን አውቆ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ስንገባ ብዙዎቻችን የምናምነው አንድ ነገር ነው። ካርዱ ካለፈ ገንዘብ አለኝ ማለት ነው እንላለን። እዚህ ግን ካርዱ ገንዘብ ሳይኖርህም ያልፋል። ያለፈበትን ዋጋ የምታውቀው በማግስቱ ነው።

አሁን ወደ አንተ ሂሳብ እንመለስ። ወረቀት ያዝ።

ሐሙስ ማታ 87 ዶላር ነበረህ። ቤንዚን 38፤ 49 ቀረ። ቡና 5.75፤ 43.25 ቀረ። አፑ ያሳየህ ይህን ነው፣ አልዋሸህም። ዓርብ ኢንሹራንሱ 142 ሲጠይቅ በ98.75 ጎደለህ። በገዛህበት ቅደም ተከተል ቢሄድ የጎደለው አንድ ክፍያ ብቻ ነው። ቅጣቱም አንድ 35 ይሆን ነበር።

ባንኩ ግን እንደዚያ አልቆጠረም። ቤንዚኑና ቡናው ሐሙስ «ፔንዲንግ» ነበሩ። ካርድህ አልፏል፣ ገንዘቡ ግን ገና ከአካውንትህ አልወጣም። ዓርብ ሌሊት ሁሉም በአንድ ላይ ሲመዘገብ ኢንሹራንሱን አስቀደመው። ከ87 ላይ 142 ሲነሳ ከዜሮ በታች 55፤ አንደኛ ቅጣት። ቤንዚኑ 38፣ ከዜሮ በታች 93፤ ሁለተኛ ቅጣት። ቡናው ተጨምሮ 98.75፤ ሦስተኛ ቅጣት። የጎደለህ ብር በሁለቱም መንገድ ያው 98.75 ነው። ልዩነቱ የቅደም ተከተሉ ነው፣ እሱም 70 ዶላር አወጣብህ።

ይሄ በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስልህ። ትልቁን ክፍያ አስቀድሞ መመዝገብ በዚህ አገር ለዓመታት የታወቀ ዘዴ ነበር። ትልቁ መጀመሪያ አካውንቱን ባዶ ያደርገዋል፣ ትንንሾቹ ተራ በተራ እየመጡ ይቀጣሉ። በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) ካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ዌልስ ፋርጎ ለደንበኞቹ 203 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ወስኗል። በ2011 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ተመሳሳይ ክስ በ410 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባንኮች ቅደም ተከተሉን አስተካክለዋል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አውቶፔይን ከካርድ ግዢ ማስቀደም ዛሬም የሚያጋጥም ነው።

ያንተ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ቡናውን ስትገዛ ገንዘብ ነበረህ። ባንኩም አይቶ አሳልፎታል። ኋላ ላይ ሲመዘግበው ግን የለህም ብሎ ቀጣህ። ፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ሲኤፍፒቢ የሚባለው፣ በ2022 ሪጅንስ የተባለውን ባንክ የቀጣው በዚሁ ነው። ባንኩ ቢያንስ 141 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ እንዲመልስ፣ 50 ሚሊዮን ደግሞ ቅጣት እንዲከፍል ተደርጓል። እንግዲህ ያንተ ብሶት የሰነፍ ሰው ሰበብ አይደለም። ስም ያለው ጥፋት ነው።

ቤንዚን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፣ ኡበር ስለምትነዳ ይጠቅምሃል። ማደያው ውጪ ካርድ ስታስገባ ገና ምን ያህል እንደምትቀዳ አያውቅም። ስለዚህ 100 ዶላርና ከዚያም በላይ ሊይዝብህ ይችላል። የቀዳኸው 38 ቢሆንም ቀሪው እስኪለቀቅ አካውንትህ ላይ ታስሮ ይቆያል። አካውንትህ ሲሳሳ ውስጥ ገብተህ «በ38 ዶላር» ብለህ ክፈል። ትንሽ ያደክማል፣ ግን ያዋጣል።

ወደ ፍትሐዊነቱ ልምጣ። ነገሩ ከስሙ ይጀምራል።

ኦቨርድራፍት ብድር ነው። ባንኩ የሌለህን ገንዘብ ይከፍልልሃል፣ አንተ ትመልሳለህ። ከዚህ በላይ ብድር ምን አለ? ግን እዚህ አገር ብድር አይባልም። ድሮ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚያውቀው ደንበኛ ቼክ ሲጎድልበት «ይህማ የእንትና ቼክ ነው» ብሎ በውለታ ያሳልፍለት ነበር። በ1969 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ይህን ውለታ ከብድር ደንቡ ውጪ አደረገው። ያን ጊዜ ነገሩ ትንሽ ነበር፣ የተደረገበት ምክንያትም ይገባኛል። ኋላ ግን ውለታው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ቀረ፣ ከደንቡ ውጪ መሆኑ ግን አልቀረም። ብድር ስላልተባለ ባንኩ የዓመት ወለዱ ስንት እንደሆነ ሊነግርህ አይገደድም።

ሲሰላ ታዲያ ምን ይመስላል? ሲኤፍፒቢ በ2014 አስልቶት ነበር። በዴቢት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚቀጣበት ግዢ 24 ዶላር አካባቢ ነው። ብዙው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይመልሰዋል። ቅጣቱ 34 ዶላር። ይህ በዓመት ወለድ ቢቆጠር ከ17,000 በመቶ በላይ ይሆናል። አራጣ አበዳሪ እንኳ ይህን ለመጠየቅ ፊቱን አዙሮ ነው።

የነገሩን አመጣጥ ካየህ ደግሞ ያስገርማል። በ1728 ኤድንብራ ላይ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ዊልያም ሆግ ለሚባል ነጋዴ ከሂሳቡ በላይ 1,000 ፓውንድ እንዲያወጣ ፈቀደለት። ዕቃ ሸጦ ገንዘቡ እስኪገባለት እንዳይቸገር ነው። የመጀመሪያው ኦቨርድራፍት እሱ ነው ይባላል። ለሀብታም ነጋዴ የተፈጠረ ምቾት ነበር። ዛሬ ዋናውን የሚከፍሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

እነማን? ሲኤፍፒቢ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠኑት ባንኮች አካውንቶች መካከል 9 በመቶ የሚሆኑት በዓመት ከ10 ጊዜ በላይ ይቀጣሉ። ከጠቅላላው የዚህ ዓይነት ክፍያ 79 በመቶውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። አካውንቱ ውስጥ ሁልጊዜ አምስትና ስድስት ሺህ የሚያድርለት ሰው ያለ ክፍያ ይገለገላል። ቅርንጫፉ፣ አፑ፣ ኤቲኤሙ ለሱ በነጻ ነው። የዚያ ነጻ አገልግሎት አንዱ ዋጋ የሚሸፈነው አካውንቷ በየወሩ መጨረሻ ከሚደርቅባት አስታማሚ ኪስ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከ35ቱም ይልቅ ይሄኛው ነው። ድሃ ሀብታምን ይጋብዛል፤ ተጋባዡም ማን እንደጋበዘው አያውቅም።

የባንኮቹን ክርክር ደግሞ አልዘልለውም፣ ባዶ አይደለምና። አንደኛ፣ ደንበኛው ሂሳቡን ማወቅ አለበት ይላሉ። እሺ። ሁለተኛው ይከብዳል። ለተቸገረ ሰው ማንም በማያበድርበት ሰዓት እኛ እናሳልፍለታለን፣ ክፍያውን ብትከለክሉን ማሳለፉን እንተዋለን፣ አካውንትም አንከፍትለትም ይላሉ። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባለሙያዎች ጥናትም ይህን ስጋት በከፊል ይደግፋል። የክፍያ ጣሪያ ሲነሳ ባንኮች ዋጋ ጨምረዋል፣ ግን ብዙ ቼክም አሳልፈዋል፤ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦችም አካውንት የማግኘት ዕድላቸው ሰፍቷል።

እኔም መስኮት ላይ ሆኜ ይህን አይቻለሁ። የቤት ኪራይ ቼኩ ሊመለስበት የነበረ ሰው በ35 ዶላር ከዳነ ተመስገን ብሎ ይሄዳል። ቼኩ ቢመለስ አከራዩ የዘገየበትን ያስከፍለዋል፣ ምናልባትም የማስለቀቂያ ወረቀት ይልክበታል። 1,400 ዶላር በ35 ማለፉ ለሱ ያዋጣዋል። ቡና በ35 ዶላር ማለፉ ግን ለማን ነው የሚያዋጣው? ቡናው ባይገኝ ምን ይቀር ነበር? ክፍያው ሁለቱን አይለይም። ለ1,400ም 35፣ ለ5.75ም 35። አደጋውም ወጪውም ተመሳሳይ ነው ብሎ የሚያምን የባንክ ሰው አላጋጠመኝም።

አንተ ያላነሳኸው ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ላንሳው። ካርድ ሲመለስ ምንም አትከፍልም። ካሸሯ «አልሰራም» ትልሃለች፣ ሌላ ካርድ ትሰጣለህ ወይም ዕቃውን ትተህ ትወጣለህ፣ አለቀ። ግን ኋላህ ሰው ተሰልፏል። የእንጀራ ሱቅ ከሆነ ደግሞ የተሰለፈው የምታውቀው ሰው ነው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለህ። ባንኩ የሸጠልህ ያንን ደቂቃ ነው። ይሉኝታችንን ያን ያህል በውድ ገዝቶናል። አንድ ደንበኛዬ፣ ጎበዝ ሰው ነው፣ አገልግሎቱን አጥፋው ብዬ ስመክረው ለሁለት ወር እንቢ አለኝ። በመጨረሻ ምክንያቱን ነገረኝ። «ከአማቴ ጋር ገበያ ወጥቼ ካርዴ ቢመለስስ?» የሚል ነበር። ከአማቱ ጋር ገበያ የሚወጣው በዓመት ሁለቴ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገ ካልክ እንግሊዝን ልንገርህ። እዚያም ነገሩ ብዙ አነታርኳል። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍያው የአገልግሎቱ ዋጋ አካል ስለሆነ ክሱ በተመሠረተበት ሕግ መጠኑ ፍትሐዊ ነው አይደለም ብሎ መመርመር አይቻልም አለ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠ። በኋላ ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሌላ መንገድ መጣ። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ባንኮች እንዲህ ያለውን መጠኑ ቋሚ የሆነ ክፍያ ትተው በዓመት ወለድ ብቻ እንዲያስከፍሉ አዘዘ። ወለዱ ረከሰ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ወደ 40 በመቶ ሰቀሉት። ሰውም ጮኸ። ግን ያንተን አስላው። 98.75 ዶላር ለአራት ቀን በ40 በመቶ፣ ግማሽ ዶላር እንኳ አይሞላም። አንተ የከፈልከው 105 ነው።

እዚህ አሜሪካም ተሞክሮ ነበር። በዲሴምበር 2024 ሲኤፍፒቢ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ላላቸው ባንኮች አዲስ ደንብ አወጣ። ወይ 5 ዶላር አስከፍሉ፣ ወይ ወጪያችሁን የሚሸፍን ያህል ብቻ አስከፍሉ፣ ወይ ደግሞ ብድር ነው ብላችሁ እንደ ብድር ወለዱን ግለጹ አላቸው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሊሠራ ነበር። ኮንግረስ በጠባብ ድምፅ ሻረው፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜይ 2025 ፈረሙበት። በዚያ መንገድ የተሻረ ደንብ ደግሞ አዲስ ሕግ ካልወጣ ተመሳሳዩ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ከዋሽንግተን መፍትሔ አትጠብቅ።

ገበያው ግን ራሱ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ካፒታል ዋን በ2021 መጨረሻ ክፍያውን እተወዋለሁ አለ፣ ሲቲባንክ በ2022 ተወው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 ዶላር አወረደው። ሌሎች ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ አይቀጡም፣ ወይም አንድ ቀን ጊዜ ይሰጣሉ። ከተዉት መካከል በዚህ ምክንያት የወደቀ ባንክ አላየሁም። «ከተከለከልን አንችልም» የሚለው ክርክር እኔ ጋ ክብደቱ የቀነሰው ያኔ ነው።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ደውል። ሳትናደድ። የምታናግረው ልጅ ደንቡን አላወጣውም፤ እኔም እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ተሰድቤአለሁ፣ የሰደበኝን ሰው ደግሞ ለመርዳት አልቸኮልኩም። የሐሙስ ማታውን ስክሪን ካነሳኸው ያዘው። ካላነሳኸው ግዢዎቹ የተፈቀዱበትን ቀንና ሰዓት እንዲያዩልህ ጠይቅ። ከዚያ በግልጽ እንዲህ በል፦ «ቤንዚኑንና ቡናውን ስገዛ አካውንቴ ላይ በቂ ገንዘብ ነበር፣ እናንተም ፈቅዳችኋል። ሲመዘገብ ነው የጎደለው። ሁለቱ እንዲመለሱልኝ እፈልጋለሁ።» ሁለቱን ካሸነፍክ በኋላ ሦስተኛውን በልመና አድርገው፦ «ደንበኛችሁ ነኝ፣ ይሄኛውን ለዚህ ጊዜ ተዉልኝ።» ቅደም ተከተሉን አትቀይር። መጀመሪያ ከለመንክ አንዱን ትተውልህ ጉዳዩን ይዘጉታል።

እንግሊዝኛው ካስጨነቀህ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በል። ብዙዎቹ ትልልቅ ባንኮች በስልክ ያቀርባሉ፤ ልጅህን ከትምህርት ቤት ጠብቀህ አታስጨንቀው። የመጀመሪያው ሰው እንቢ ካለህ ሱፐርቫይዘር ጠይቅ። እሱም እንቢ ካለ ለሲኤፍፒቢ በድረ ገጹ አቤቱታ አስገባ። ቢሮው እንደ ድሮው ጉልበት ባይኖረውም አቤቱታው ባንኩ ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እዚያ ያሉት ሰዎች ከኮል ሴንተሩ የበለጠ ሥልጣን አላቸው።

ሁለተኛ፣ በዚያው ስልክ «ለዴቢት ካርድና ለኤቲኤም ኦቨርድራፍት አልፈልግም፣ አጥፉልኝ» በል። ከጁላይ 2010 ጀምሮ ያላንተ ፈቃድ በካርድ ግዢና በኤቲኤም ሊያስከፍሉህ አይችሉም። ፈቅደህ ነበር ማለት ነው፣ ምናልባት አካውንት የከፈትክ ቀን። በፈለግህ ጊዜ ማንሳት ትችላለህ። ግን ልብ በል፣ ይህ አውቶፔይንና ቼክን አይሸፍንም። ኢንሹራንሱ እንደገና ቢያጎድልህ ያኛው 35 እንዳለ ነው።

ሦስተኛ፣ ከቻልክ አካውንቱን ቀይር። ትልልቆቹ ባንኮች ጭምር ኦቨርድራፍት ጨርሶ የሌለበት አካውንት አላቸው። ቼስ «ሴኪዩር ባንኪንግ»፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ «ሴፍባላንስ»፣ ዌልስ ፋርጎ «ክሊር አክሰስ» ይሉታል። በወር 5 ዶላር አካባቢ ነው፣ የሚቀርበትም መንገድ አለ። ገንዘብ ከሌለህ አያልፍም። ልክ እንደ አገር ቤት። መስኮት ላይ ካልጠየቅሃቸው ብዙ ጊዜ አይነግሩህም፣ ስሙን ጠርተህ ጠይቅ። ለድንገተኛ ችግር ደግሞ የክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ አባል ሁን። ፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች ከ200 እስከ 1,000 ዶላር ትንሽ ብድር የሚሰጡበት ፕሮግራም አለ፤ ወለዱ በዓመት ከ28 በመቶ አይበልጥም፣ የማመልከቻውም ከ20 ዶላር አያልፍም። ሁሉም ግን አይሰጡትምና ከመመዝገብህ በፊት ጠይቅ።

አንድ ነገር እንዳታደርግ። ተናደህ አካውንቱን ከዜሮ በታች ጥለኸው እንዳትሄድ። ባንኩ ይዘጋውና ስምህ ቼክስሲስተምስ የሚባለው መዝገብ ውስጥ ይገባል። እዚያ እስከ 5 ዓመት ይቆያል፣ ሌላ ባንክ ስትሄድ አካውንት አንከፍትም ይሉሃል። ያንተ ደመወዝ ገብቶ ሸፍኖታል፣ ደህና ነህ። ግን ወንድምህ ወይም ጓደኛህ እንዲህ ካደረገ ንገረው።

የቀረው የቤታችሁ ጉዳይ ነው። ኢንሹራንሱ ጋ ደውልና የሚቆረጥበትን ቀን ደመወዝህ ከሚገባበት ሰኞ ቀጥሎ አድርግልኝ በል። አብዛኞቹ ያለ ምንም ክፍያ ይቀይራሉ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዕቁቡን ግን አትተው። በዚህ አገር ያለ ወለድ አንድ ላይ ብዙ ገንዘብ የምታገኝበት ሌላ ቀላል መንገድ ብዙም የለህም፣ ባለቤትህንም እንዲህ ብለህ አስረዳት። ችግሩ ሐሙስ መሆኑ ነው፤ ደመወዝህ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው አካውንትህን ባዶ ያደርገዋል። ዳኛውን አናግረው። የምትከፍልበት ቀን ሰኞ ማታ ይሁንልህ። ትንሽ ያጉረመርም ይሆናል፣ ከዚያ እሺ ይልሃል።